ከ40 እንቁላል 4 ጫጩት ብቻ ለምን ወጣ? ማሽን ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጥያቄው አጠር ተደርጎ ይሄ ነው፦ «ባህር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው። ከፎም ሳጥን ኢንኩቤተር (እንቁላል ማስፈልፈያ) ሰራሁ፣ ሁለት አምፖልና ዲጂታል ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) አለው፣ ፋን የለውም። ሐምሌ ላይ 40 እንቁላል አስገባሁ፣ 18ቱ ቡኒ ናቸው ከእንቁላል ዶሮ እርባታ የተገዙ፣ 22ቱ ደግሞ የሐበሻ ከቅዳሜ ገበያ። ቆሻሻ ስለነበሩ አጥቤ ነው ያስገባኋቸው። ሙቀቱን 37.5 ላይ አደረግኩ፣ ውሀ በትልቅ ትሪ ሞልቼ ከስር አስቀመጥኩ፣ መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጌ እሸፍነዋለሁ። በ21ኛው ቀን ምንም የለም። በ23ኛው ቀን 4 ወጡ፣ ከዛ በኋላ ዝም። የቀሩትን ስሰብር 19ኙ ባዶ (18ቱ ቡኒዎች በሙሉና አንድ የሐበሻ)፣ 5ቱ ገና በጅምር የሞቱ፣ 12ቱ ግን ሙሉ ጫጩት ሆነው እርጥብ እንዳሉ ውስጥ ሞተዋል። ጎረቤቶቼ ነጎድጓድ ነው የገደላቸው ይላሉ። ባለ 56 እንቁላሉን የቻይና ማሽን ልግዛ ወይስ ልተወው? ደሞ ትላንት ከወጡት አንዷ እግሮቿ ወደ ጎን ተከፍተው መቆም አልቻለችም፣ ምን ላድርጋት?»

ማሽኑን አሁን አትግዢ። ከ40ዎቹ 18ቱ ከመጀመሪያውም ጫጩት የመሆን እድል አልነበራቸውም፣ የቀሩትን ደግሞ የጎዳቸው የሙቀት አለካክና የአየር ነገር ነው፣ እነዚህን ሳታስተካክዪ ማሽን ብትገዢ ያው ኪሳራ በውድ ዋጋ ይደገማል። አንድ ትልቅ ነገር ግን ሰርተሻል እህቴ፣ ያልተፈለፈለውን ሰብረሽ አይተሻል፣ ቆጥረሽም ጽፈሻል። አብዛኛው ሰው ተናዶ ከነቅርፊቱ ይጥለውና «ኢንኩቤተር አይሰራም» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምመልስልሽም በነዚህ በቆጠርሻቸው ቁጥሮች ነው፣ ጫጩቱ የሞተበት ቀን ራሱ ምን እንደገደለው ይናገራልና።

ከቡኒዎቹ እንጀምር። ለእንቁላል ተብሎ የሚረባው ዶሮ፣ ቦቫንስ ብራውን በይው ሎህማን፣ ቤቱ ውስጥ አውራ ዶሮ የለም፣ አያስፈልግምም፣ ሴቷ ያለ አውራ ትጥላለች። እንቁላሉ ለመብላት ምንም አይለውም፣ ግን አልዳበረም፣ 21 ቀን ሳይሆን አንድ አመት ብታሞቂው ጫጩት አይሆንም። ብዙ ሰው «ትልቅና ንጹህ ነው» እያለ እሱን መርጦ ያስገባል። አውራ ያለበት ቦታ ብታገኚ እንኳን እነዚህ ዝርያዎች ዲቃላ ናቸው፣ ልጆቹ እንደ እናታቸው አይጥሉም፣ ስለዚ የቦቫንስ ጫጩት ከፈለግሽ አቋራጩ የአንድ ቀን ጫጩት ወይም ቄብ መግዛት ነው። ይሄን ካወጣን ሂሳብሽ ይቀየራል፣ ከ40 ሳይሆን ከ22 ነው 4 ያገኘሽው፣ ከ22ቱም 21ዱ ዳብረው 16ቱ እስከ መጨረሻው ሳምንት ደርሰዋል። ይሄ ተስፋ የሚሰጥ ነው፣ ከልቤ ነው የምልሽ። ሶስት ሳምንት ሙሉ ሳይሞቱ የቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ሳጥንሽ ከሞላ ጎደል ይሰራል።

በጅምር የሞቱት 5ቱ የገበያና የመታጠብ ውጤት ናቸው ብዬ ነው የማስበው። ገበያ ላይ ያለ እንቁላል የስንት ቀን እንደሆነ ሻጯም አታውቅም፣ አጠራቅማ ነው የምታመጣው፣ ከሐሙሲት ወይ ከመራዊ በሚኒባስ ተንገጫግጮ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ። ለማስፈልፈል የሚሆን እንቁላል ከተጣለ 7 ቀን ባያልፈው ነው ጥሩው፣ ከዛ በኋላ በየቀኑ እድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚቀመጠውም ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሹሉ ጫፍ ወደታች ሆኖ ነው፣ ፍሪጅ በጣም ይቀዘቅዝበታል፣ የመጋቢትና የሚያዝያ የባህር ዳር ክፍል ደግሞ ይሞቅበታል፣ ሽሉ በግማሽ ልብ ማደግ ይጀምርና ይሞታል። ማጠቡን በተመለከተ እንቁላል ከላዩ ተህዋስ የሚከለክል ስስ ሽፋን አለው፣ ስታጥቢው እሱን ታነሺዋለሽ፣ በቀዝቃዛ ውሀ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ሲኮማተር በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስባል። ትንሽ የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለሽ አንሺለት፣ በጣም የቆሸሸውን ብዪው እንጂ አታስገቢው። ሹል እንቁላል ወንድ ክብ እንቁላል ሴት የሚባለውንም እርሺው፣ በቅርጽ አይለይም።

አሁን ወደ 12ቱ። እኔን ያሳዘኑኝም እነሱ ናቸው፣ ላባ አውጥተው፣ ምንቃራቸው ተሰርቶ፣ አንድ ቀን ሲቀራቸው የሞቱ ናቸው። እንዲህ የሚሞት ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ ሶስት ነገር ነው የሚያገኘው፣ ሙቀት ማነስ፣ እርጥበት መብዛትና አየር ማነስ። አንቺ ጋ ሶስቱም ነበሩ፣ የትኛው ስንቱን እንደገደለ ከዚህ ሆኜ መለየት አይቻልም፣ ግን ሙቀቱ ማነሱ ያለጥርጥር ነው፣ ምክንያቱም የወጡት በ23ኛው ቀን ነው። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ነው። በ19ና በ20 ከወጣ ሙቀት በዝቷል፣ 22ና 23 ከደረሰ አንሷል፣ ከዚህ የተሻለ ቴርሞሜትር የለም። (ዳክዬና ቱርክ 28 ቀን ናቸው፣ ከዶሮ ጋር ባንድ ቀን አብረሽ እንዳታስገቢ።)

«37.5 አድርጌ ነበር እኮ» ትዪኛለሽ። እዚህ ጋ ነው ትልቁ ስህተት። 37.5 የሚባለው ቁጥር ፋን ላለው ኢንኩቤተር ነው። ፋኑ አየሩን ስለሚያዞረው ከላይም ከታችም ሙቀቱ እኩል ነው። ፋን በሌለው ሳጥን ግን ሙቁ አየር ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው ስር ይተኛል፣ ስለዚ ያለ ፋን የሚሰራ ሰው በእንቁላሉ አናት ትክክል ለክቶ ከ38.3 እስከ 38.9 መያዝ አለበት። ሴንሰርሽ (ሙቀቱን የሚለካው የቴርሞስታቱ ጫፍ) የት እንደነበር አልነገርሽኝም፣ ግን በቤት የተሰሩ ሳጥኖችን ስከፍት አስር ጊዜ ካየሁ ስምንቱ ላይ ከአምፖሉ ስር ተንጠልጥሎ ነው የማገኘው። እሱ ጋ 37.5 ሲል እንቁላሉ ጋ 36 ሊሆን ይችላል። በ36 ሽሉ ያድጋል፣ ግን ዘግይቶና ደክሞ፣ ሆዱ ውስጥ መግባት ያለበት አስኳል ሳይገባ።

መፍትሄው ፋን ማስገባት ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ባለ 12 ቮልት ፋን ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ታገኛለሽ፣ በአሮጌ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ትሰራለች፣ ንፋሷ እንቁላሉን በቀጥታ እንዳይመታ ወደ ግድግዳው ወይ ወደ አምፖሉ አዙሪያት። ከዛ በኋላ ሴንሰሩን እንቁላሎቹ መሀል በአናታቸው ልክ አስቀምጪና 37.5 ወይም 37.7 ላይ ተይው። ሌላው ብዙዎቹ ቴርሞስታቶች ከሳጥን ሲወጡ የማብራትና የማጥፋት ልዩነታቸው 2 ዲግሪ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ማለትም 37.5 ላይ ያጠፋል፣ 35.5 እስኪደርስ አያበራም። በሴቲንጉ ገብተሽ ወደ 0.3 ወይ 0.5 አውርጂው። ይቺ አንዷ ነገር ብቻዋን ስንቱን ሰው አክስራለች። አምፖሉም ኤልኢዲ እንዳይሆን፣ ኤልኢዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም፣ ያ የድሮው ቢጫ አምፖል ነው የሚያስፈልግሽ።

ሴንሰሩ ራሱ ትክክል ይለካል ወይ የሚለውን ደሞ ማታ ኩሽና ውስጥ በአስር ደቂቃ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ከፋርማሲ የትኩሳት መለኪያ ገዝተሽ አምጪ፣ የሰው ትኩሳት መለኪያ የሚሰራው በትክክል በኛ ቁጥር ዙሪያ ስለሆነ ከሁሉም የተሻለ ማስተያያ ነው። አንድ ኩባያ ውሀ እጅሽ ሲነካው ለብ የሚል አድርጊ፣ ሴንሰሩን በስስ ፌስታል ጠቅልለሽ ከትኩሳት መለኪያው ጫፍ ጋር ጎን ለጎን ይዘሽ ክተቺያቸው፣ ውሀውን በማንኪያ እያማሰልሽ ጠብቂ። መለኪያው ሲጮህ ሁለቱንም አንብቢ። የትኩሳቱ 37.9 ብሎ ቴርሞስታቱ 38.7 ካለ 0.8 ይጨምራል ማለት ነው፣ እሱን አስበሽ ቁጥሩን ትሞያለሽ። በፈላ ውሀ አትሞክሪው፣ ባህር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሀ እዚህ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ «ቴርሞሜትሬ ተበላሸ» ብለሽ ደህናውን ታበላሺያለሽ። እኔ ስራውን ስጀምር ለሁለት ዙር አንድ ሙሉ ትሪ እንቁላል የጠፋብኝ በዚሁ ነው፣ 1 ዲግሪ የሚዋሽ ቴርሞሜትር አምኜ። እስከዛሬ ሳልለካ እንቁላል አላስገባም።

እርጥበቱስ? የክረምት ባህር ዳር፣ ያውም ሐምሌ፣ ጣና ዳር፣ ልብስ እንኳን ሶስት ቀን የማይደርቅበት ወቅት ነው፣ በዛ ላይ ትልቅ ትሪ ሙሉ ውሀ። እንቁላል በ18 ቀን ውስጥ ከክብደቱ ወደ 12 ወይ 13 በመቶ የሚሆን ውሀ በቅርፊቱ በኩል ማጣት አለበት፣ ውሀው በወጣ ቁጥር በድቡልቡሉ ጫፍ ያለው የአየር ኪስ እየሰፋ ይሄዳል፣ ጫጩቱ በመጨረሻው ቀን ምንቃሩን እዛ ውስጥ ከትቶ ነው የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚተነፍሰው። ውሀው ካልወጣ ኪሱ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፣ ጫጩቱ ይወፍራል፣ መዞሪያ ያጣል፣ ይታፈናል። «እርጥብ እንዳሉ» ያልሽው እሱን ነው። ተቃራኒው ሲሆን፣ በበጋ ውሀ ሲረሳ፣ ጫጩቱ ከሽፋኑ ጋር እንደ ሙጫ ተጣብቆ ነው የምታገኚው።

ስለዚ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዛ በኋላ ያሉትን 3 ቀናት ከ65 እስከ 70። የእርጥበት መለኪያውን ብዙ አታምኚው፣ ርካሾቹ ይዋሻሉ፣ የምታምኚው የኩሽና ሚዛን ነው። 10 የሐበሻ እንቁላል አብረሽ ስትመዝኚ 420 ግራም ቢሆን በ7ኛው ቀን 400 አካባቢ፣ በ18ኛው ቀን ከ365 እስከ 370 መሆን አለበት። ከዛ በላይ ከከበደ ውሀ ቀንሺ፣ ከቀለለ ጨምሪ። እርጥበቱን የሚወስነው የውሀው ጥልቀት አይደለም፣ የላዩ ስፋት ነው፣ ሰፊ ትሪ ትንሽ ውሀ ይዞም ብዙ ያተናል። ክረምት ላይ አንድ የሻይ ሲኒ ይበቃሽ ነበር።

አየሩን ደግሞ በብርድ ልብስ ዘግተሽባቸዋል። ሽል ይተነፍሳል፣ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በጣም ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። እኛ ባለንበት ከፍታ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል፣ ከመጀመሪያውም የሚደርሳቸው ያነሰ ነው ማለት ነው፣ በዛ ላይ ቀዳዳ ሲደፈን ምን እንደሚሆን አስቢው። በሳጥኑ ታች በኩል ሁለት፣ ላይ በኩል ሁለት፣ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይኑሩት፣ ከ18ኛው ቀን በኋላ በምንም ምክንያት አይዘጉ። ከፍታው እንቁላሉን ቶሎ ያደርቀዋልም፣ ለዚህ ነው ከቆላ አገር የተቀዳ የእርጥበት ቁጥር እዚህ ሳይመዘን የማይሰራው።

ነጎድጓዱን ተይው፣ ድምጽ ጫጩት አይገድልም። ጎረቤቶችሽ ያዩት ነገር ግን ውሸት አይደለም፣ ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲጠፋ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ለ4 ወይ 5 ሰዓት ቢቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ አይሞትም፣ ቀን ይገፋል እንጂ፣ ታቃፊ ዶሮም እኮ ለምግብ ትነሳለች። ከቅዝቃዜ ይልቅ ሙቀት ነው አደገኛው፣ 40ን አልፎ ከቆየ ባጭር ጊዜ ይጨርሳቸዋል። መብራት ሲሄድ ክዳኑን አትክፈቺ፣ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሀ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ እንቁላሉን ሳይነኩ ከዳር አስገቢ፣ ብርድ ልብሱን ከጎን ብቻ አልብሺው ቀዳዳዎቹን ሳትሸፍኚ። ከሰል ግን በጭራሽ፣ ምድጃ አጠገቡ አስቀምጠሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ፣ ጭሱ ሳይታይ እንቁላሉንም ቤተሰቡንም ይገድላል። ሽቦውም በደንብ ይሸፈን፣ ውሀና የተላጠ ሽቦ ባንድ ሳጥን ውስጥ ናቸውና ከመክፈትሽ በፊት ከሶኬት ንቀዪ።

ማዞሩን በደንብ እንዳደረግሽ ገምቻለሁ፣ ካልሆነ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ፣ 5 ቢሆን ይሻላል፣ በእርሳስ ባንዱ ጎን የመደመር ምልክት በሌላው ዜሮ ጽፈሽ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚደረገው ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎን እንዳይተኛ ነው። በ18ኛው ቀን ማዞር ይቆማል፣ ክዳንም ይዘጋል። በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍተሽ በስልክሽ ባትሪ እያንዳንዱን እዪ፣ ካርቶን ላይ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ አበጅተሽ እንቁላሉን ከላዩ አስቀምጪ። የዳበረው እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ቀይ የደም ስር መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያሳይሻል፣ ነጥቧም ትንቀሳቀሳለች። ባዶው እንደ ፋኖስ ጥርት ብሎ ይበራል፣ የሞተው የደም ቀለበት ይይዛል። ሁለቱን አውጫቸው፣ ከቆዩ ይገማሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። እንዲህ ብታደርጊ ኖሮ ቡኒዎቹን በሳምንቱ አውጥተሽ ቦታም ጭንቀትም ይቀንስልሽ ነበር።

ማሽኑ የሚሰጥሽ ፋን፣ አውቶማቲክ ማዞሪያና የተሻለ ቴርሞስታት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ያልዳበረ እንቁላል አያዳብርም፣ መብራት ሲጠፋም እሱም ይጠፋል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርም ሲዋሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የኔ ምክር ይሄ ነው፦ በዚህ ሳጥን ፋን አስገብተሽ፣ ሴንሰሩን ለክተሽ፣ ሁለት ዙር ሞክሪ፣ በያንዳንዱ ዙር 20 እንቁላል ብቻ፣ ከምታውቂው አንድ ቤት፣ ለ8 ወይ 10 ሴት አንድ ጤነኛ አውራ ካለበት፣ በሳምንት ውስጥ የተጠራቀመ። ዜንዘልማ ወይ ሰባታሚት በኩል አውራ የሚያረቡ ቤቶች ሞልተዋል፣ የገበያ ዋጋ ላይ ጨምረሽ ብትከፍዪ ያዋጣሻል። ከታመመ መንጋ እንዳትወስጂ፣ ነጭ ተቅማጥ የሚባለው ሳልሞኔላ ከእናት በእንቁላል ይተላለፋል። ከዳበሩት 10 እንቁላል 7 ወይ 8 በሁለቱም ዙር ከወጣልሽ ያኔ ማሽን ግዢ፣ አጠቃቀሙን በገንዘብሽ ሳይሆን በሳጥንሽ ተምረሻል።

የሐበሻ ዶሮ ያላት ጎረቤት ካለችሽ ደግሞ እንቁላል ሳጥን ውስጥ በምታስገቢበት ቀን አንዷን አስታቅፉ፣ ከ10 እስከ 13 እንቁላል በጤፍ ጭድ ላይ፣ ከዛው ቤት እንቁላል። እሷ ጋ ተፈልፍሎ አንቺ ጋ ካልተፈለፈለ ጥፋቱ ሳጥኑ ነው፣ ሁለታችሁም ጋ ካልወጣ እንቁላሉ ነው። ከዚህ የሚያንስ ወጪ ያለው ምርመራ አላውቅም። መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋም የመጨረሻ ተስፋሽ ታቃፊዋ ዶሮ ናት፣ ማታ በጨለማ ከስሯ ብታስገቢላት ትቀበላለች።

ጊዜውን በተመለከተ መስከረም ይሁን። መስከረም አጋማሽ ገደማ ካስገባሽ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይወጣሉ፣ ዝናቡ ቆሟል፣ የታህሳስ ብርድ ሳይመጣ ላባ ያወጣሉ፣ ለፋሲካም ወደ 6 ወር ይጠጋቸዋል። የፈንግል ክትባቱን አስቀድመሽ ለቀበሌሽ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሪ፣ የመጀመሪያው በአንደኛው ሳምንት በአይን ጠብታ ነው፣ ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፣ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት። ጠለቅ ያለ ነገር ስትፈልጊ በጢስ አባይ መንገድ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለልሽ፣ ሄደሽ ጠይቂ።

አሁን የምታስቸኩልሽ እግሯ የተከፈተው ጫጩት ናት። ጋዜጣ ወይ ልሙጥ ካርቶን ላይ ነው ያስቀመጥሻቸው መሰለኝ፣ እግር የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ዛሬውኑ ሻካራ ጨርቅ አንጥፊላቸው፣ አሮጌ ፎጣም ይሆናል። ከዛ የቁስል ፕላስተር በስሱ ቁረጪ፣ ሁለቱን እግሮቿን ከጉልበቷ በታች አያይዣቸው፣ መሀላቸው በተፈጥሮ ስትቆም የሚኖረውን ያህል ክፍተት ትተሽ፣ ቆዳዋን ሳታጠብቂ። መጀመሪያ ትወድቃለች፣ ታሳዝንሻለች፣ ግን አትፍቺላት፣ ውሀና ምግቡን አፏ ስር አቅርቢላት፣ ሌሎቹ እንዳይረግጧት ለብቻ ሙቀት ውስጥ አድርጊያት። በየቀኑ ፕላስተሩን ቀይሪ። ገና የአንድ ቀን ስለሆነች በ3 ወይ 4 ቀን ልትቆም ትችላለች፣ ሳምንት ሞልቷት ካልቆመች ግን ከዛ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይስተካከልም።